ከሥሩ ሰው የሚያልፍበት መስኮት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላምም በረትም የለም። «የሰው ቤት» በሉኝ፤ የኪራይ ቤት ነገር ነውና።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ነገሩን ከሰማሁት ቆይቷል፤ አንዳንዱን ሳላፋልሰው አልቀርም። የጸጉር አስተካካዩ በር ከደረጃው በስተቀኝ ይሁን በስተግራ እርግጠኛ አይደለሁም። የሽንኩርት ሻጭዋ ልጅ ክርስትና የተነሳው ከፋሲካ በፊት ይሁን በኋላ ተምታቶብኛል። ያየ ሰው ካለ ያርመኝ፤ አልቀየምም። በሳህኑ ብቻ አልሳሳትም። ሳህኑ አበባ ነበረበት።

እንግዲህ አቶ ይገዙ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን የኖሩት ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ዳር ባለ መንደር ነበር። መንደሩ ፈረሰና ከከተማው ጫፍ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሳቸው። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው ነጭ ነው፤ ጣሪያው አያፈስም። ሰው ብቻ የለውም። ጠዋት ሁሉም ይወጣል፤ ማታ ሁሉም ገብቶ በሩን ይዘጋል።

ወይዘሮ ደብሪቱ ዓይናቸው ከጠፋ ሰንብቷል። ወንዙ ዳር ሳሉ ያን ያህል አልከበዳቸውም፤ ጆሯቸው ያይላቸው ነበር። ደወሉ ሲደወል፣ አዛኑ ሲሰማ፣ ሊስትሮው ሳጥኑን ሲያንኳኳ፣ የታክሲ ረዳቱ ሲጣራ ቀኑንም ሰዓቱንም ያውቁት ነበር። ከከተማው ጫፍ ግን የሚሰማው ንፋስ ብቻ ሆነ። ጠዋት ሲነቁ መጀመሪያ የሚሉት «የት ነን?» ነው።

«ቤታችን ነን፣ ደብሬ።»

«ቤታችን ቢሆንማ ሰው ያልፍ ነበር።»

ምግብም ቀነሱ፤ ወሬም ቀነሱ። አቶ ይገዙ ጨነቃቸው። አንድ ጠዋት አጠገባቸው ቁጭ ብለው፣ «ምን ላምጣልሽ? ምን ያምርሻል?» አሏቸው።

«ምንም አላማረኝም። አንድ መስኮት ብቻ። ከሥሩ ሰው የሚያልፍበት።»

አቶ ይገዙ ሥጉ ሰው ናቸው። ፀሐይ ወጥቶም ጃንጥላ ይይዛሉ። በር ቆልፈው፣ ደረጃውን ወርደው ሲያበቁ መቆለፉን ለማየት ተመልሰው ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ፍለጋ መውጣቱ ቀላል አይምሰላችሁ። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ኪሳቸውን ዳብሰው ቆሎ ጨመሩላቸውና፣ «ባዶ እጅህን የሰው ደጅ አትርገጥ» ብለው ሸኟቸው።

ፒያሳ ደርሰው ደላላ ያዙ። ደላላው ሽበታቸውን አይቶ፣ «አባባ፣ ለእርስዎ የሚሆን ጸጥ ያለ ቤት አለኝ» አላቸው።

«ጸጥታስ ሞልቶናል፤ ጫጫታ ያለበት ነው የምፈልገው።»

«ጫጫታ? ይኼንን የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም!» አለና ራሱን እየነቀነቀ ወደ አንድ አሮጌ ቤት ወሰዳቸው።

ቤቱን ከጣሊያን ወረራ በፊት አንድ አርመን ነጋዴ አሠራው ይላሉ። ታቹ ድንጋይ ነው፣ ላዩ እንጨት። በመንገዱ በኩል የእንጨት ሰገነት ወጥቶለታል። ቆርቆሮው ዝጓል፤ ደረጃው ሲረግጡት ያቃስታል። ከሥሩ ግን ዓለም ሁሉ ያልፋል። ልብስ ሰፊ አለ፣ ጸጉር አስተካካይ አለ፣ ሽንኩርት ሻጭ አለች፣ ዳቦ ቤት አለ፤ የዳቦ ወረፋ የቆመው ሰው ደግሞ አንዱ ከአንዱ ይጨቃጨቃል። አቶ ይገዙ መንገዱ መሐል ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑና አዳመጡ። «ይኼ ነው» አሉ። «ቤቱ ይኼ ነው።»

የቤቱ ባለቤት እትዬ ፈለቀች ይባላሉ። ሰገነት ያለውን ክፍል ከፍተው አሳዩዋቸው። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ለሁለት ሽማግሌ ግን ይበቃል። በኪራዩም ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ አልታያቸውም።

«መስኮቱ የት አለ?»

«ከኋላው ነዋ» አሉ እትዬ ፈለቀች።

ከምን ኋላ? ከቁም ሳጥኑ ኋላ። ቁም ሳጥኑ ከወለል እስከ ጣሪያ ይደርሳል፤ ግድግዳውን በሙሉ፣ ወደ ሰገነቱ የሚያወጣውን በር ጭምር ይዞታል። አቶ ይገዙ ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ቢለጥፉ የመንገዱ ድምፅ በብርድ ልብስ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ሆኖ ተሰማቸው።

«የሟች ባለቤቴ ነው፣ አቶ ይገዙ» አሉ እትዬ ፈለቀች። «ታች እኔ ዘንድ እንዲወርድልኝ ስመኝ ኖሬያለሁ። አንድ ጎረምሳ ቤቱን ልከራይ ብሎ መጥቶ በመጥረቢያ ልፍለጠው አለኝ፤ በመጥረጊያ አባረርኩት። ቁም ሳጥኑን ሳይሰብር ያወረደልኝ ሰው ቁልፉን ይወስዳል። እስከ መስቀል እጠብቅዎታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ጫማ ነጋዴ ለካርቶን ማስቀመጫ እየለመነኝ ነው፤ እሱ ደግሞ መስኮትም አያስፈልገው።»

አቶ ይገዙ ደረጃውን እየወረዱ ለራሳቸው እንዲህ አሉ፦ ቁም ሳጥኑ ካልወረደ እትዬ ፈለቀች ቁልፍ አይሰጡም፤ ቁልፍ ካልሰጡ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ደብሪቱ ሰው አትሰማም።

ጠይቀው ጠይቀው አናጢው ጥጋቡ ዘንድ ደረሱ። ጥጋቡ የበር ጉበን እየላገ ነበር።

«አባባ፣ ያ ቁም ሳጥን የአባቴ ሥራ ነው» አለ መላጊያውን አስቀምጦ። «እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኖ ነው የገጠመው። አንድ ምስማር የለውም። የት ጋ እንደሚፈታ እሱና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው፤ እሱ ደግሞ አርፏል።»

«እንግዲያ ና ፍታልኝ፣ ልጄ።»

«መፍታቱንስ እፈታዋለሁ። በየት ላውርደው? ደረጃው ሥር ኑረዲን የስፌት መኪናውን ተክሎ ተቀምጧል። ሳንቃው ከሰው ቁመት ይረዝማል፤ መታጠፊያው ላይ መኪናው ይይዘናል። የአባቴን ሳንቃ ጫፉን እያስገጨሁ ላውርድ? አላደርገውም! ኑረዲን መኪናውን ያንሳ፤ ያን ጊዜ እወጣለሁ።»

ይኼም ቀላል ነው ብለው አቶ ይገዙ ተመለሱ። ኑረዲን መርፌ በከንፈሩ ነክሶ እየሰፋ ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አባባ! ኮት ነው ሱሪ?»

«ኮትም ሱሪም አይደለም። መኪናህን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብታነሳልኝ ብዬ ነው።»

ኑረዲን ሲስቅ መርፌው ከአፉ ወደቀ። «ወላሂ አባባ፣ ቀልደኛ ነዎት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው! የተማሪ ዩኒፎርም እስከ አንገቴ ደርሷል። እኔ አንድ ከሰዓት ከቆምኩ ስንቱ ልጅ ነው በሙታንታ ትምህርት ቤት የሚሄደው?»

«ወደ ጎን ብትለውስ?»

«ዝናቡን አያዩም? በዚህ ቤት ዙሪያ ደረቅም ብርሃንም የሆነ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የጸጉር አስተካካዩ የተካልኝ የጣሪያ ክፈፍ ሥር። ተካልኝ ቦታ ይስጠኝ፤ አሁኑኑ አነሳዋለሁ።»

የዚያን ዕለት መሸባቸው። አውቶቡስ ውስጥ በመስታወቱ የሚወርደውን ዝናብ እያዩ ደገሙት፦ ተካልኝ ቦታ ካልሰጠ ኑረዲን መኪናውን አያነሳም፤ ኑረዲን መኪናውን ካላነሳ ጥጋቡ አይወጣም፤ ጥጋቡ ካልወጣ ቁም ሳጥኑ አይወርድም፤ ቁም ሳጥኑ ካልወረደ እትዬ ፈለቀች ቁልፍ አይሰጡም፤ ቁልፍ ካልሰጡ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ደብሪቱ ሰው አትሰማም።

ቤት ሲገቡ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ «ማንን አገኘህ?» አሉ። አቶ ይገዙ አንድ በአንድ ነገሯቸው።

«ኑረዲን እንዴት አድርጎ ሳቀ?»

«እንዴት አድርጎ ማለት?»

«ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይስቅማ። እስኪ ሳቅልኝ።»

አቶ ይገዙ ዙሪያቸውን አዩ፤ ማንም የለም። የክብሪት እንጨት በከንፈራቸው ነክሰው እንደ ኑረዲን ሳቁ፤ ክብሪቱም ወደቀ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሳቁ። ከወንዙ ዳር ከተነሱ ወዲህ ሳቃቸው ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። አቶ ይገዙ ክብሪቱን ከመሬት አንስተው ኪሳቸው ከተቱት፤ ለምን እንደከተቱት እሳቸውም አላወቁም።

በማግስቱ ተካልኝ ዘንድ ገቡ። ተካልኝ ጸጉር ከመንካቱ በፊት መቀሱን ሁለት ጊዜ በባዶ ይመታል፦ ቀጭ ቀጭ።

«ይቀመጡ አባቴ። ጸጉሩ ባይኖርም ወሬው አለ።»

«ለኑረዲን ክፈፍህ ሥር ቦታ ብትሰጠው ብዬ ነበር የመጣሁት።»

«ለኑረዲን? በደስታ! ግን ያችን ይዩልኝ» አለና በመቀሱ ወደ ውጭ አመለከተ። ክፈፉ ሥር የሽንኩርት ጆንያ ተደርድሯል፤ ከጆንያው መሐል አንዲት ሴት ተቀምጣ «ሽንኩርት! የማያስለቅስ ሽንኩርት!» እያለች ትጣራለች። «ብርቄ ናት። ደንበኛዬ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ማልቀስ ይጀምራል። ሰው ምላጬ የሚያስለቅሰው እየመሰለው ሸሸኝ!»

«ታዲያ ተነሺልኝ አትላትም?»

«ብርቄን?» ተካልኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ፣ እኔ እኮ የልጆች አባት ነኝ። ከደፈሩ እርስዎ ይንገሯት። እሷ ከተነሳች ቦታው የኑረዲን ነው።»

አቶ ይገዙ ጃንጥላቸውን ጨብጠው ወጡ፦ ብርቄ ካልተነሳች ተካልኝ ቦታ አይሰጥም፤ ተካልኝ ቦታ ካልሰጠ ኑረዲን መኪናውን አያነሳም፤ ኑረዲን መኪናውን ካላነሳ ጥጋቡ አይወጣም፤ ጥጋቡ ካልወጣ ቁም ሳጥኑ አይወርድም፤ ቁም ሳጥኑ ካልወረደ እትዬ ፈለቀች ቁልፍ አይሰጡም፤ ቁልፍ ካልሰጡ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ደብሪቱ ሰው አትሰማም።

ከብርቄ መጀመሪያ ሽንኩርት ገዙ። ሁለተኛ ስለ ዝናቡ አወሩ። ሦስተኛ ላይ ወኔያቸውን ሰብስበው፣ «ልጄ፣ ይኼ ቦታ አይጠብሽም?» አሏት።

«ይኼ የእኔ ቦታ መሰለዎት?» አለች ብርቄ። «የእኔ ቦታ እዚያ ነው፣ ከቤቱ የድንጋይ ቅስት ሥር፣ እማሆይ በር ላይ! ዝናብ አያገኘውም፤ ዳቦ የተሰለፈ ሁሉ ፊት ለፊቴ ነው። ወድጄ ነው እዚህ ከዚህ ለፍላፊ ሥር የተቀመጥኩት?»

«ይሰማል!» አለ ተካልኝ ከውስጥ።

«ይስማ! ላንተው ነው!»

«ታዲያ ለምን ተውሽው?» አሉ አቶ ይገዙ።

ብርቄ አንድ ሽንኩርት አንስታ ልጣጩን ትቀርፍ ጀመር። «ሳህኔን በሉብኛ።»

«ሳህን ይበላል እንዴ?»

«ሌላ ሰው አይበላውም፤ እማሆይ በሉት! የልጄ ክርስትና ዕለት ዳቦ ቆርሼ ላኩላቸው። አበባ ባለበት ሳህን፤ የእናቴ ሳህን ነው፣ ከእሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ይኸው ልጄ ጥርስ አብቅሎ ጣቴን ነከሰኝ፤ ሳህኔ ግን እንደወጣ ቀረ። ድምፄን ሲሰሙ በራቸውን ጠረቅ ያደርጋሉ! ምን በደልኳቸው? ልጠይቃቸውም አልችል፤ የሰደዱትን ሳህን መልሱ ይባላል? እዚያ በር ግን አልቀመጥም። ሳህኔ ይመለስ፤ ያን ጊዜ ጆንያዬን እየጎተትኩ እሄዳለሁ።»

አቶ ይገዙ ሌላ ምን ይበሉ? በቅስቱ ዞረው፣ ጠቆር ያለች ትንሽ በር ጋ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ማነው?»

«እንግዳ ነኝ፣ እማሆይ። ስለ ሳህን ነው የመጣሁት።»

ከዚያ በሩ ተከፈተ። እማሆይ ትንሽዬ፣ የጎበጡ ሴት ናቸው፤ ቆባቸው ከሳቸው ይገዝፋል።

«ከሰሰችኝ?»

«ኧረ አልከሰሰችዎትም።»

«ብትከሰኝ ይሻለኝ ነበር፣ ልጄ» አሉና ከራስጌያቸው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። ፈቱት። ሳህኑ ነው። ዳሩ ላይ ቀይ አበባ አለው፤ ታጥቦ ታጥቦ ያበራል።

«ይኸው ደህና ነው አይደል! ታዲያ ለምን አይመልሱላትም?»

እማሆይ ቀና ብለው አዩዋቸው። «ባዶውን?»

አቶ ይገዙ አፈሩ። የጎረቤት ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ ማን ያጣዋል? ቆሎም ትሁን፣ ቁራሽም ትሁን፣ ጨውም ትሁን፣ አንድ ነገር ጣል ሳያደርጉበት ሳህን የሚመልስ ሰው የለም።

«ያን ዕለት ቤቴ ምንም አልነበረም» አሉ እማሆይ። «ነገ አልኩ። ነገም አልነበረም። ቆይቶ ጥቂት ሽምብራ አገኘሁ፤ ይኼን ያህል ለቆየ ሳህን ይህች ብቻዋን ነውር ናት ብዬ ተውኩት። ቀድሞ ቆሎ የሚበቃው ሳህን ቆይቶ ዳቦ ፈለገ፤ ዳቦ የሚበቃው ቆይቶ ድግስ ፈለገ። እኔ ድግስ ከየት አመጣለሁ? ሳህኑ በቆየ ቁጥር እየጠለቀብኝ ሄደ፣ ልጄ። በሩን የምዘጋው ጠልቻት እንዳይመስልህ። ድምፅዋን ስሰማ ፊቴን የማደርግበት ስለማጣ ነው።»

አቶ ይገዙ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ ደብሪቱ የሰጧቸውን ቆሎ ፈለጉ። አውቶቡሱ ውስጥ በጭንቀት ሲቆረጥሙ ጨርሰውታል። ከኪሳቸው የወጣው ያ የክብሪት እንጨት ብቻ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱ ጭቃ ይዞት ቆመ። መስቀል ደርሷል፤ መንገደኛው ሁሉ የአደይ አበባ እቅፍ ይዟል። አቶ ይገዙ በባዶ እጃቸው ተቀምጠው ደገሙት፦ ሳህኑ ካልሞላ እማሆይ አይመልሱም፤ እማሆይ ካልመለሱ ብርቄ አትነሳም፤ ብርቄ ካልተነሳች ተካልኝ ቦታ አይሰጥም፤ ተካልኝ ቦታ ካልሰጠ ኑረዲን መኪናውን አያነሳም፤ ኑረዲን መኪናውን ካላነሳ ጥጋቡ አይወጣም፤ ጥጋቡ ካልወጣ ቁም ሳጥኑ አይወርድም፤ ቁም ሳጥኑ ካልወረደ እትዬ ፈለቀች ቁልፍ አይሰጡም፤ ቁልፍ ካልሰጡ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ካልተከፈተ ደብሪቱ ሰው አትሰማም። አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት፣ «አባባ፣ ጸሎት ነው?» አለቻቸው። «እሱም ሳይሆን አይቀርም» አሏት።

ወይዘሮ ደብሪቱ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ብርቄ «ይስማ! ላንተው ነው!» ያለችውን ሁለት ጊዜ አስደገሙ። ስለ እማሆይ ሲሰሙ ግን አላስደገሙም። «ገብስ አለን?» አሉ።

ተነሥተው በእጃቸው እየዳበሱ እሳት አያያዙ፤ ብረት ድስቱን ጣዱ። አቶ ይገዙ «ልርዳሽ፣ ትቃጠያለሽ» ቢሉ አልሰሟቸውም።

«ዝም በል፣ ገብሱን አታሰማኝም። ገብስ እኮ ይናገራል። መጀመሪያ ያጉረመርማል። ከዚያ አንድ ሁለቱ ጣ ጣ ይላል። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ያወራል። ሁሉም ባንዴ ሲያወራ ካላወረድከው ያርራል።»

ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዳመጡ። ነጩ ቤት ውስጥ ከገብሱ በቀር የሚናገር አልነበረም። አጉረመረመ፤ ጣ ጣ አለ፤ ከዚያ ሁሉም ባንዴ አወራ። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ድስቱን ለማውረድ ትንሽ ዘገዩ።

«ደብሬ፣ ያርራል!»

«ትንሽ ልስማው» አሉ። ከዚያ አወረዱት። በጨርቅ ቋጥረው ሲሰጧቸው፣ «እማሆይን እንዲህ በላቸው» አሉ፤ «ሳህን የሚሞላው በእህል ነው እንጂ በቆየበት ጊዜ አይደለም።»

በማግስቱ የመስቀል ዋዜማ ነበር። አቶ ይገዙ ቆሎውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ሄዱ። እማሆይ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የሰው ቆሎ በእኔ ስም ልስደድ? ይኼማ ሌላ ውሸት ነው።»

አቶ ይገዙ ተደናበሩ፤ የተላኩትን ቃል ግን አልረሱም። «ሚስቴ፣ ሳህን የሚሞላው በእህል ነው እንጂ በቆየበት ጊዜ አይደለም ብላለች።»

«እሷ ናት የቆላችው?»

«እሷ ናት። ዓይኗ አያይም፤ በጆሮዋ ነው የቆላችው።»

እማሆይ አንድ ፍሬ አንስተው ቆረጠሙ። አላረረም። ከዚያ ጥግ ካለች ማሰሮ እጃቸውን ሰደው ጭብጥ የማትሞላ ሽምብራ አወጡ። «ያችው ናት» አሉ። «ለብቻዋ አንሳ ነበር።» ቆሎው ላይ በተኗት። ሳህኑ ሞላ።

ደጁ ይዘንባል። አቶ ይገዙ ያንን በፀሐይም የሚይዙትን ጃንጥላ ዘረጉ፤ ለእማሆይ ያዙላቸው፣ ለሳህኑም ያዙለት፤ ራሳቸው ረጠቡ። ብርቄ «የማያስለቅስ ሽንኩርት!» ብላ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

«ልጄ ብርቄ» አሉ እማሆይ፤ «ሳህንሽ።»

«ምነው እማሆይ! ምነው! ባዶውንስ ቢመልሱልኝ ምን ነበረበት?»

«ባዶ ሳህን እንዴት ይመለሳል፣ ልጄ?»

ብርቄ ሳህኑን ተቀበለች። «እሱስ ልክ ነዎት» አለችና እንባዋ መጣ። ከክፈፉ ሥር ተካልኝ፣ «የማያስለቅስ ሽንኩርት!» አለ። በአንድ እጇ ቆሎ እየዘገነች በሌላው ሽንኩርት ወረወረችበት።

የቀረው እንደ ተተረተረ ሹራብ ነው። ሳህኑ ሲሞላ እማሆይ መለሱ፤ እማሆይ ሲመልሱ ብርቄ ተነሳች፤ ብርቄ ስትነሳ ተካልኝ ቦታ ሰጠ፤ ተካልኝ ቦታ ሲሰጥ ኑረዲን መኪናውን አነሳ፤ ኑረዲን መኪናውን ሲያነሳ ጥጋቡ ወጣ፤ ጥጋቡ ሲወጣ ቁም ሳጥኑ ተፈታ፤ አንድም ምስማር ሳይኖረው እንደ ልብስ ተፈትቶ ሳንቃ በሳንቃ ወረደ። ጫማ ነጋዴው ከነካርቶኑ ደረጃው ሥር ቆሞ ሳንቃ ሲያሳልፍ ዋለ። ቁም ሳጥኑ ሲወርድ እትዬ ፈለቀች የመጨረሻዋን ሳንቃ በመዳፋቸው ዳብሰው፣ «እንኳን ወደ እኔ መጣህ» አሉት። ከዚያ ወደ አቶ ይገዙ ዞረው ቁልፉን ሰጡ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከመስቀል በኋላ መጡ። ደረጃው ሲያቃስት፣ «አይዞህ፣ እኔም እንዳንተው ነኝ» አሉት። አቶ ይገዙ ወንበር አስጠጉላቸው፤ በቀለም የተጣበቀውን መስኮት በትከሻቸው ገፉት። ተከፈተ። መንገዱ ባንዴ ገባ።

ወይዘሮ ደብሪቱ አንገታቸውን አዘንብለው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። አቶ ይገዙ ፈሩ፤ ይኼ ሁሉ ተደክሞ ደስ ሳይላቸው ቀረ እንዴ ብለው። ከታች ቀጭ ቀጭ አለ።

«ተካልኝ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

አንድ ሰው ሳቀ፤ አንድ ቀጭን ነገር ድንጋይ ላይ ወደቀ።

«ኑረዲን። መርፌው ወደቀበት።»

«ሽንኩርት! የማያስለቅስ!» የሚል ድምፅ ከቅስቱ ሥር መጣ። ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ «ብርቄ! ልጅሽ ዛሬም ነከሰሽ?» ብለው ተጣሩ። መንገዱ ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሁሉም ባንዴ አወራ።

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት የኮቴን ኮሌታ ላስገለብጥ ኑረዲን ዘንድ በሄድኩበት ቀን ነው። ኅዳር ይመስለኛል፤ ብርድ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ አሁን ጠዋት ሲነቁ «የት ነን?» ብለው አይጠይቁም አለኝ፤ «ማነው ያለፈው?» ነው የሚሉት። አቶ ይገዙም ከነጃንጥላቸው ሰገነቱ ላይ ወጥተው ያለፈውን ይነግሯቸዋል። ያ አበባ ያለበት ሳህን ደግሞ ያን ሰሞን ሞልቶ ወደ ላይ ቤት ወጥቷል አለኝ፤ ብርቄ ልካው ነው። ገና አልወረደም። ሥጉ ነኝና፣ «እንደገና እንዳይቆይ!» አልኩት። ኑረዲን ሳቀ፤ መርፌው ወደቀ። «አይቆይም» አለና ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። አዳመጥኩ። ከመስኮቱ ውስጥ ገብስ ያጉረመርማል።

ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም። እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ፤ ባዶውን ግን አይሁን።